የክብር እንግዳው ምሳ

ኃይለየሱስን ከሲኒማ ቤት ደጃፍ አፍሰው የወሰዱት ሁለቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እሑድ ጧት ሶፋ ተሸክመው ወደ እናቱ ቤት መጡ። ሶፋው ቀይ ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጽሕፈት ቤታቸው አውጥተው የላኩት። በበሩ አልገባ ሲላቸው አንደኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳ አስደገፈና ቁም ሣጥኑን ትንሽ ገፋ እንድታደርግለት ወይዘሮ ተሻለችን በትሕትና ለመናት። ተሻለች ገፋችለት። ረቡዕ ዕለት ይኸው ሰው ልጇን በሸሚዙ ኮሌታ ጨምድዶ ጭነት መኪና ላይ ሲያወጣው ያዩ ጎረቤቶች ነግረዋታል። አሁን ግን ላቡን በእጅጌው እየጠረገ የናዝሬት ግንቦት እንዴት እንደሚያቃጥል ሲያጫውታት፣ አዎ፣ ዘንድሮስ ብሶበታል አለችው። ውሃ ሲጠይቃትም በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። ዛሬ ማንንም ማስቀየም አልፈለገችም።

ዛሬ አሳምነው ይመጣል። አሳምነው የወንድሟ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞትበት ወስዳ ያሳደገችው፣ በዚህችው ቤት ወለል ላይ እየተኛ ተምሮ ከከተማው ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በአንደኝነት የተመረቀ፣ እዚያው ጥቂት ዓመት አስተምሮ ቡልጋሪያ የተላከ፣ ሲመለስም አዲስ አበባ ላይ የመምሪያ ኃላፊ የሆነ። ኢንስቲትዩቱ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ስማቸው የገነነ የቀድሞ ተማሪዎቹንና መምህራኑን ሊሸልም ነው፤ የክብር እንግዳው አሳምነው ነው። ከበዓሉ በኋላ ምሳውን ባደገበት ቤት እንዲበላ የወሰኑት ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ገብረኪዳን ናቸው። ተሻለችን የጠየቃት የለም። ዓርብ ዕለት ኖራ ቀቢ ተላከ፤ ቅዳሜ የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል መጥቶ ተሰቀለ። ባሏ አቶ አብተው፣ በባቡር ጣቢያው የጭነት ክፍል ሲጽፍ ያረጀ ሰው፣ ማንም ሳያዘው የማርያምን ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ በነጠላ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስገባት። ተሻለች ስታየው ቀና ብሎ አላያትም። ኃይለየሱስ ከተያዘ ወዲህ ባልና ሚስቱ ከዕቃ አቀብዪኝ፣ ከውሃ ስጪኝ ያለፈ አልተነጋገሩም።

ጓዳ ውስጥ ጎረቤቷ ጫልቱ ጎህ ሳይቀድ መጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር ያነጋችው። ጫልቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ወተት እየሸጠች የኖረች፣ በጋሪ ነጂው ልጇ በፈዬራ የምትተዳደር ሴት ናት። ሁለቱ ሴቶች አንድ አጥር ነው የሚለያቸው፤ ልጆቻቸውን በአንድ ዓመት ወልደው፣ አንዷ ገበያ ስትሄድ ሌላዋ የሁለቱንም እያጠባች ነው ያሳደጉት። በዚያ ሰሞን አንድ ዶሮ አሥር ብር ገብቶ ስለነበር ከአራቱ ዶሮዎች ሁለቱ ከጫልቱ ጓሮ የመጡ ናቸው። ዋጋውን ስትጠይቃት ጫልቱ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ልጅሽ ይውጣ እንጂ ስለ ዶሮ አታውሪኝ አለቻት። እንደ አሳምነው ያለ ትልቅ ሰው አንድ ቃል ከተናገረ እምቢ የሚለው እንደሌለ፣ ምሳው ከጣመው ደግሞ ልቡ እንደሚራራ ደጋግማ ነገረቻት።  የተያዙት ልጆች ሰኞ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ደቡብ፣ ወደ ማሠልጠኛ እንደሚጫኑ ሰምታለች። ከማሠልጠኛ ወዴት እንደሚላኩ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ከሠፈሩ ሦስት ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ተነሥቷል።

በአራት ሰዓት ባልና ሚስቱ ኢንስቲትዩቱ አዳራሽ ደረሱ። ለቤተሰብ ተብሎ ከኋላ ወንበር ተሰጣቸው። በግራው ግድግዳ የስመ ጥሮቹ ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ አንዱ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ የሚመራ፣ አንዱ መልካሳ ላይ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ፣ አንዱ የኃይል ማመንጫ ዋና መሐንዲስ። ከእነሱ በላይ የመምህራኑ። ከመምህራኑ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ ሚስማሩ አልተነቀለም፣ ቀለሙም በፎቶግራፉ ልክ ከሌላው ይነጣል። የሥዕል መምህሩ ነበሩ እዚያ። አሳምነው ተማሪ ሳለ እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት እየሄደ ንድፍ ይሠራ እንደነበር፣ ወረቀትና እርሳስም ይገዙለት እንደነበር ተሻለች ታስታውሳለች። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከክፍል ወስደዋቸው አልተመለሱም። ዓይኗን ከዚያ ሳትነቅል ስትቀር አብተው በክርኑ ነካ አደረጋትና ወደ መድረኩ እይ አላት።

አሳምነው ወፍሯል። ግራጫ ካኪ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ዓርማ ለጥፎ ተናገረ። ይህ ተቋም ለአገሪቱ ስንት እጅ፣ ስንት አእምሮ እንዳበረከተ፣ ተማሪ ሳለ በአንድ ማስመሪያ ለሦስት ይሠሩ እንደነበር አወራ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወጣቱ ዛሬ በሌላ ግንባር፣ በእናት አገሩ ዳር ድንበር እየተመረቀ ነው ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አብተውም አጨበጨበ። ተሻለች እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ፣ ይህን ንግግር ሲጽፍ ስለ ኃይለየሱስ ሰምቶ ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ደብዳቤ አልጻፈችለትም፤ ስልክ ለመደወል ፖስታ ቤት ሄዳ፣ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ ዘግታባታለች።

ለምሳ በሁለት መኪና ስምንት ሰው መጣ፤ ሊቀመንበሩ፣ አንድ የአውራጃው የፓርቲ ሰው፣ የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር፣ የቀሩት ተሸላሚዎች። አሳምነው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ያዘችው። «እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ?» አላት። ሕፃን ሆኖ አንቺ፣ ጎረምሳ ሆኖ አንቺ ይላት የነበረ ልጅ ነው። እሷም ምን ብላ እንደምትመልስለት ጠፍቷት ግባ ከማለት ግቡ አለች፤ ለሁሉም የተባለ መሰለ። አብተው እዚህ ይቀመጡ፣ ከዚህ ይብሉ እያለ ያሳደገውን ልጅ አንቱ ሲለው አሳምነው አልከለከለውም።

ምሳው ተበላ። ቢራው በሊቀመንበሩ ፈቃድ ከቀበሌው ክበብ የወጣ ነው፤ በረዶውንና ሳጥኖቹን ያመላለሰው ፈዬራ በጋሪው ነበር። እንግዶቹ ወጡን አመሰገኑ፤ የመቂ ቲማቲም ዘንድሮ መንገድ ላይ እየበሰበሰ መሆኑን፣ የወንጂ ስኳር ናዝሬት ላይ በኩፖን ሲሸጥ ሌላ ቦታ ግን እንደሚገኝ አወሩ። በመሃል ከተሸላሚዎቹ አንዱ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው፣ ልጆች አሏችሁ ወይ ብሎ አብተውን ጠየቀው። አብተው ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ወንድ ልጅ አለን አለ። የት ነው ሲሉት እንጀራውን ማጠፍ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ሳህናቸውን ያዩ ነበር። አሳምነው ብርጭቆውን አንሥቶ ጠጣ፤ ከዚያ የፓርቲው ሰው ስለ ቡልጋሪያ ክረምት ጠየቀው፤ ወሬው ቀጠለ።

ተሻለች እጅ ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠበቀችው። ውሃ እያፈሰሰችለት፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ተናግራ ለመጨረስ ቸኩላ፣ ኃይለየሱስ ረቡዕ እንደታፈሰ፣ በመልካሳ መንገድ ባለው በአሮጌው የጥጥ መጋዘን እንዳለ፣ ሰኞ እንደሚጫን ነገረችው። አሳምነው እጁ ነጽቶም መታጠቡን አላቆመም።

«ጧት ነገሩኝ» አላት።

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ የዛሬውን ንግግር ሰምተሽኛል። እንደዚያ ብዬ ወርጄ የአክስቴን ልጅ ልቀቁ ብል ምን ይሉኛል? እኔን የሚጠብቀኝ ዓይን ስንት እንደሆነ አታውቂም።»

አንቺ ማለቱን ልብ አለች፤ ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች። አልለመነችውም። በዚያ ወለል ላይ ተኝቶ ሲያነብ መብራቱን ከልላ የያዘችበትን ክንዷን፣ ለእሱ ስትል ሠርጓን ያዘገየችበትን ዓመት፣ ምንም አላነሣችም። ውሃው አልቆ ባዶውን ጣሳ እንደያዘች ቆመች። አሳምነው እጁን በመሐረብ ሲያደርቅ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቃል እናገራለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ግን እንዴት ሆነ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። እኔም አልጠይቅም።»

ከመሄዱ በፊት መኪናው አጠገብ ሊቀመንበሩን በክንዳቸው ይዞ ራቅ ሲያደርጋቸው በመስኮት አየች። ሊቀመንበሩ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደግሞ ነቀነቁ። መኪናዎቹ አቧራ አስነሥተው ወደ አዲስ አበባ መንገድ ወጡ። ጓድ ገብረኪዳን ግን ተመልሰው ገቡና ከራሳቸው ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ አብተው ቢራ ከፈተላቸውና ሰው እንደሚሸኝ አስመስሎ ወደ ደጅ ወጣ። ሊቀመንበሩ ክፉ ፊት አልነበራቸውም። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ ነገሩ በእሳቸው እጅ ብቻ ቢሆን ያኔውኑ እንደሚለቁት፣ ግን ነገሩ የቁጥር መሆኑን አስረዷት። ከቀበሌው ሃምሳ ተብለዋል፤ ሃምሳ ያስረክባሉ። አንድ ቢጎድል ከራሳቸው ቤት ጀምረው ይጠየቃሉ። ተሻለች ይገባኛል አለች።

 ደጅ ላይ ፈዬራ ባዶ ጠርሙሶቹን ጋሪው ላይ እየጫነ ያፏጫል። ሊቀመንበሩ በተከፈተው በር በኩል ጥቂት አዩት።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የጫልቱ» አለች ተሻለች። «የጎረቤቴ።»

«ስንት ዓመቱ ይሆናል?»

«ከኔው ልጅ ጋር እኩያ ናቸው።»

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አፏ ላይ ነበር። የባልቴት አንድ ልጅ ነው፣ የሚያኖራትም እሱ ነው፤ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው እንደማይወሰድ በቀበሌው ስብሰባ ራሳቸው ጓድ ገብረኪዳን ሲያነቡ ሰምታለች፤ ሰውየው ሠፈሩን ከያዙ ገና ዓመታቸው ስለሆነ የጫልቱን ቤት እንደማያውቁትም ታውቃለች። ሊቀመንበሩ ጠበቋት። እውነትም የጠበቋት ይመስል ነበር፤ ስንጥሩን ከአፋቸው አውጥተው ዓይኗን አዩ። ተሻለች ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ላይ የወደቀ የአጥንት ፍርፋሪ ማንሣት ጀመረች። «ጥሩ» አሉ ሰውየው ሲነሡ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ድረስ ብቅ ይበሉ። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ በጋሪው ይምጡ።»

ጫልቱ ከጓዳ ሆና የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጥታ ተሻለችን አቀፈቻት፣ ገለቶሚ ዋቃዮ እያለች አምላኳን አመሰገነች፣ ከዚያ ልጇን ጠርታ ጠርሙሱን ተወውና እትዬ ተሻለችን አድርሳት፣ ወንድምህን ይዘኸው ና አለችው። ተሻለች በእግሬ እሄዳለሁ ስትል ሁለቱም ሳቁባት። በዚህ ሐሩር? ፈዬራ የራሱን ኮት አጥፎ መቀመጫው ላይ አነጠፈላትና ደግፎ አወጣት።

መንገዱ ረጅም አልነበረም። ፈዬራ ወሬ ይወዳል፤ ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንዳንዴ እየዞረ፣ ስለ ኢንጂነሩ፣ ስለ አሳምነው ጠየቃት። እውነት በዚህ ሠፈር ነው ያደጉት? እንደኛው በባዶ እግር? እሱ አባቱ ሲሞት ስድስተኛ ላይ ቢያቆምም፣ ኢንስቲትዩቱ ለሠራተኛ የማታ የብየዳ ትምህርት ሊከፍት ነው ሲሉ ሰምቷል። ብየዳ ከቻለ ጋሪውን ይሸጣል፣ እናቱም ወተት ተሸክማ መዞር ትተዋለች። ስድስተኛ ክፍልን ይቀበሉ እንደሆነ ኢንጂነሩን ይጠይቁልኝ ይሆን አላት። ተሻለች እጠይቅልሃለሁ አለችው። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ባየች ጊዜ ትከሻውን ያዘችው።

«ፈዬራ፣ እዚህ አውርደኝ። አንተ ተመለስ።»

«ኃይሌን ሳላየው?» አለ እየሳቀ፣ ፈረሱንም ቸብ አደረገው።

ሌላ ነገር አላለችም።

በሩ ላይ አንድ አሥር አለቃና ሁለት የቀበሌው ጓዶች ነበሩ፤ አንዱ ጧት ውሃ ያጠጣችው ነው። ስሟን ሳይጠይቁ አንደኛው ገባና ኃይለየሱስን ይዞት ወጣ። ራሱን ላጭተውታል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ፈዬራ ከጋሪው ዘልሎ አቀፈው፤ የተላጨ ራሱን እያሻሸ ሲቀልድበት ኃይለየሱስም ትንሽ ፈገግ አለ። ያኔ አሥር አለቃው ፈዬራን መታወቂያ ጠየቀው። ፈዬራ አውጥቶ ሰጠው። አሥር አለቃው መታወቂያውን ኪሱ ከተተና ወደ ውስጥ ግባ አለው። ፈዬራ መጀመሪያ አልገባውም፤ ፈረሱን ማን ይይዛል ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ጓዶች ግራና ቀኝ ሲይዙት ግን ፊቱ ተለወጠና ወደ ተሻለች ዞረ።

«እትዬ ተሻለች፣ ይንገሯቸው እንጂ። እናቴ ከኔ ሌላ ሰው እንደሌላት ይንገሯቸው።»

አሥር አለቃው ወደ እሷ ተመለከተ። ኃይለየሱስ ገና ከበሩ አልራቀም፤ ሰውየው እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል።

«እርስዎ ልጅዎን ተረክበዋል አይደለም?» አላት።

«ተረክቤአለሁ» አለች።

«እንግዲያው ይሂዱ።»

ጋሪውን ኃይለየሱስ ነዳው። ሲመለሱ ፈረሱ የለመደው እጅ ስላልነበረ በየመታጠፊያው ይቆም ነበር። ልጁ ጥቂት ከነዳ በኋላ፣ ለምን እሱን ብሎ ጠየቃት፤ አላውቅም አለችው። ደግሞ፣ ሲጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽ አላት። እሷ ከንፈሩን እንዴት እንደመቱት፣ ምን ያበሉት እንደነበር ጠየቀችው። ኃይለየሱስ ፈረሱን ቸብ አደረገው።

ጫልቱ የጋሪውን ድምፅ ሰምታ መንገድ ላይ ወጥታ ነበር። ኃይለየሱስን ጎትታ አውርዳ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ ያበጠ ከንፈሩን ሳመችው፤ እንኳን ለእናትህ አበቃህ እያለች። ከዚያ ከትከሻው በላይ ባዶውን መቀመጫ አየች፤ የታጠፈው ኮት ብቻ ነበር ያለበት። ያዙት፣ እዚያ ቀረ ብሎ የነገራት ኃይለየሱስ ነው። ጫልቱ አልጮኸችም። የፈረሱን ልጓም ያዘች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ተሻለች ዞረች።

«አላወቁ ይሆናል» አለቻት። «ቢያውቁ አይወስዱትም። እኔ አማርኛው ይምታታብኛል፣ አይሰሙኝም። አንቺን ግን ይሰሙሻል፤ የኢንጂነሩ አክስት ነሽ። አብረሽኝ ነይና መስክሪልኝ።»

«ልጁን ላስገባውና እመጣለሁ» አለች ተሻለች።

ኃይለየሱስን ከፊቷ አስቀድማ ገባች። አብተው ካልተነሣው ሳህን መሃል ተቀምጦ ነበር፤ ልጁን ሲያይ ተነሥቶ የልጁን የተላጨ ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ተሻለች በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውንም ገፋች፣ ጀርባዋንም ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ኃይለየሱስ ከአባቱ እቅፍ ወጥቶ አያት። ወደ በሩ መጣ። ከፊቷ ቆመ፤ ካደገ ወዲህ እንዲህ ቀርቧት ዓይኗን አይቷት አያውቅም። ገፍቷት ሊወጣ ይችል ነበር። እጁን እስከ መቀርቀሪያው ካደረሰ በኋላ አወረደው፣ ሄዶም መሬት ላይ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ ቀና አላለም።

«ተሻለች» አለች ጫልቱ ከውጭ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ልብስ እየቀየርሽ ከሆነ አትቸኩይ። እጠብቅሻለሁ» አለቻት።

አብተው ሚስቱን ቀና ብሎ አየ። ማን እንደሚጠራት፣ ለምን እንደማትወጣ አልጠየቃትም። ጫልቱ ጠበቀች። ፈረሱ ሲያንኮራፋ፣ መሬቱን በኮቴው ሲቆረቁር፣ መንገደኛ የማነው ይሄ ጋሪ ብሎ ሲጠይቅና እሷ በለሆሳስ ስትመልስ ሁሉም ይሰማቸው ነበር። ልጓሙን ጎትታ ወደ መልካሳ መንገድ ብቻዋን የሄደችው የመንገዱ መብራት ከበራ በኋላ ነው።